በእጅ ስልክ ውስጥ ስለሚገኘው ማኅተም

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ማኅተም የሚያርፈው ስለ ጌጥ አይደለም፤ ተቀባዩ በጽሑፉ እንዲተማመን ነው። በዘመናችን ግን ደብዳቤውም፥ የገንዘብ ማዘዣውም፥ መዝገቡም በእጅ ስልክ የሚላኩ ሆነዋልና የቀለም ማኅተም በዚያ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጽሑፉ እንዳልተለወጠ ለመመርመር በስሌት የሚገኝ ምልክት ይጠቀማሉ፤ ስሙም ሀሽ ይባላል።

ሀሽ ማለት ማናቸውም ጽሑፍ፥ አጭር ቢሆን ወይም ረጅም፥ በተወሰነ ስሌት ውስጥ አልፎ የሚሰጠው ልኩ የማይለወጥ ቁጥር ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ኤስ.ኤች.ኤ.-256 የተባለው ስሌት ከአንዲት ቃልም ሆነ ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚያወጣው ውጤት ሁልጊዜ 32 ባይት ነው፤ ይኸውም እንደ ልማዱ ሲጻፍ 64 ምልክት ይሆናል። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ባለሙያው ይህን ስሌት ራሱ መጻፍ አያስፈልገውም። በአንድሮይድ ስልክ መሴጅ ዳይጀስት፥ በአይፎንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሪፕቶኪት የተባሉት መሣሪያዎች ተዘጋጅተውለታል። ታዲያ ሥራው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስሕተቱ ከወዴት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለስሌቱ ከሚሰጠው ጽሑፍ ነው።

መሣሪያው ባይት የተባሉትን ቁጥሮች እንጂ ፊደልን አያውቅም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተባለው አጻጻፍ 9 ባይት፥ በዩ.ቲ.ኤፍ.-16 ግን 6 ባይት ነው። ላኪው በአንዱ፥ ተቀባዩም በሌላው ቢያሰሉ ያው አንዱ ቃል ሁለት ሀሽ ይኖረዋል። ደግሞም «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለመሣሪያው ሁለት ናቸው። አራት ነጥብ በራሱ ምልክት ቢጻፍና ሁለት ነጥብ ተደግሞ ቢጻፍም እንዲሁ ነው።

ይህ የፊደል ክርክር ብቻ አይምሰለን። አንድ ሰው በአንዱ መዝገብ «ኃይሉ»፥ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ቢጻፍና መተግበሪያው ስሞቹን በሀሽ ቢያስተያይ፥ ሰውየው ራሱ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ይባላል፤ ደመወዙ ወይም የልጁ የትምህርት ቤት ምዝገባ በዚህ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ስም ለማስተያየት ሲፈለግ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት ያሻል፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም ግን ሳይነካ በመዝገቡ መቀመጥ አለበት። በአንጻሩ፥ አንድ ሰነድ እንዳልተለወጠ ለመመርመር ሲፈለግ ከጽሑፉ ምንም ነገር ሊታረም አይገባም።

ስሌቱን መምረጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤም.ዲ.-5 ለሁለት ልዩ ልዩ ጽሑፎች አንድ ሀሽ ሊሰጥ እንደሚችል ዋንግ ሺያዎዩን የተባሉት ቻይናዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 አሳይተዋል፤ በኤስ.ኤች.ኤ.-1ም ላይ በ2017 ይኸው ታይቷል። ከዚህ የተነሣ ክሪፕቶኪት ሁለቱን ስሌቶች «የማያስተማምን» በሚል ስም ሥር ለይቶ አስቀምጧቸዋል።

ጠንካራው ስሌትም ቢሆን ብቻውን ሁሉን አያደርግም። በመንገድ ደብዳቤውን የለወጠ ሰው አዲስ ሀሽ አስልቶ ሊያያይዝ ይችላልና፥ ላኪውና ተቀባዩ ብቻ የሚያውቁት ምስጢራዊ ቁልፍ በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። የይለፍ ቃልን ለመጠበቅ ደግሞ ሆን ተብሎ ዝግ እንዲል የተሠራ ሌላ ስሌት ይመረጣል፤ ፈጣኑ ስሌት ለሚገምተው ሌባም ፈጣን ነውና።

እንግዲህ ማኅተሙን የሚያስከብረው የስሌቱ ረቂቅነት ብቻ አይደለም። ምን እንደሚታተምና በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚታተም ላኪውና ተቀባዩ አስቀድመው ይስማሙ፤ ከዚያ በኋላ ማኅተሙ ይምታ እንላለን።