መረጃ ዘሩ ሲቆጠር

የደም ናሙና ቤተ ሙከራ ሲደርስ የታማሚው ስም በቁጥር ይተካል፣ ውጤቱም ይቆለፋል። ትንተናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመራው ሶፍትዌር ግን ናሙናው በየትኛው ፕሮግራም እንዳለፈ፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደተመረመረ ይመዘግባል። ከደረጃዎቹ አንዱ ኤችአይቪ መድኃኒት መላመዱን የሚያጣራ ምርመራ ከሆነስ? ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ውጤቱ ተቆለፈ አልተቆለፈ ገመናው ወጥቷል።

ይህ የመረጃ የትመጣ፣ ባለሙያዎቹ ፕሮቨናንስ የሚሉት፣ የሚያዘው ለበጎ ነው፤ ነገርን ከሥሩ ለማጣራትና ሙከራን ለመድገም። ታቨርና፣ ኬፕለርና ጋላክሲን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች መዝገቡን ራሳቸው ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ፕሮቭ የተባለው መስፈርትም የጋራ አጻጻፍ ሰጥቶታል። ማን ምን ማየት ይችላል የሚለውን ግን አይደነግግም።

ፋይል ሲሆን ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል። የትመጣ ግን እንደ ዘር ሐረግ የተያያዘ ነው፤ አንዱን ቢሸፍኑት ጎረቤቱ ያወራል። በ2008 የሐርቫርዷ ማርጎ ሴልትዘርና ባልደረቦቻቸው የራሱ የደኅንነት ሥርዓት ያስፈልገዋል ብለው የተከራከሩት ለዚህ ነው። መረጃውና የትመጣው እኩል ምስጢር አይደሉምና፤ የጥናት ጽሑፍ ያቀረበ ሰው ትችቱን ያነባል፣ የገምጋሚውን ስም ግን አያይም።

በ2011 ተመራማሪዋ ሱዛን ዴቪድሰንና ባልደረቦቻቸው ሊሸሸግ የሚገባውን በሦስት ከፈሉት፦ መረጃው ራሱ፣ የፕሮግራሙ አሠራርና የግንኙነቱ መልክ። ሁለተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ይመስለኛል። ኮዱ ቢደበቅም፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ደጋግሞ ያየ ሰው አሠራሩን ሊደርስበት ይችላል።

የተለመደው መላ ደረጃዎችን ጠቅልሎ እንደ አንድ ሣጥን ማሳየት ነው። ችግሩ፣ የማይገናኙ ሁለት መስመሮች አንድ ሣጥን ውስጥ ከገቡ የተገናኙ ይመስላሉ። ይሄኔ መሸፈን ቀርቶ መዋሸት ይሆናል፤ ለሳይንስ ደግሞ ከጎደለ መዝገብ የተሳሳተው ይከፋል። ዝም ብሎ ቆርጦ መጣልም ከማጭበርበር አይለይም፤ በፊርማና በማረጋገጫ ቁጥር የተሰናሰለ መዝገብ አንድ ገጹ ሲቀደድ ይታወቅበታል።

በ2011 የቀረበው ፕሮፐብ የተባለ ሥርዓት የተሻለ መንገድ ይዟል። የመዝገቡ አሳታሚ ምን ይሸፈን፣ ምን ይቅር ብሎ ያዛል፤ ሥርዓቱም ትእዛዙ የትኛውን ደንብ እንደሚጥስ ይነግረዋል። የተሸፈነውን «ተሸፍኗል» ብሎ የማይናገር መዝገብ ከመታመን በፊት ቢመረመር ይሻላል።