የእንጨት መጫወቻ በጉለሌ፦ ከኩሽኔታ እስከ ሕፃን ስጦታ

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ቁልቁለት ለአንድ የልጆች መጫወቻ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። መጫወቻው ኩሽኔታ ይባላል። ስያሜው ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በመሠረቱ የሚያመለክተው ተሽከርካሪ አካላት ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲዞሩ የሚያደርገውን፣ በውስጡ የብረት ድብልብሎች ያሉትን ቀለበት ነው። ልጆች ያረጀውን ቀለበት ከጋራዥ ያገኛሉ፤ የእንጨት ዘንግ ጫፍ ጠርበው በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ አጥብቀው ይሰኩታል፤ ከዚያም ጣውላ ይመቱበታል። የፊተኛው ዘንግ በአንድ ብሎን ብቻ ስለሚያዝ በእግር ሲገፋ አቅጣጫ ይቀይራል። አስፋልት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ለጎረቤት ዕረፍት አይሰጥም፤ ለልጆቹ ግን ግማሹ ደስታ እርሱ ነው።

ኩሽኔታም ሆነ ገበጣ ወይም የገና ዱላ ከፍ ላሉ ልጆች የተበጁ ናቸው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ፣ ለእርሱ የሚሠራ የእንጨት ስጦታ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ የእንጨቱ ዓይነት ነው።

በጉለሌ ተራሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የግንባታ እንጨት ችግር አቃልሏል። ለማገዶ፣ ለአጥርና ለቤት ማገር ያገለገለው ይህ እንጨት ለትንሽ መጫወቻ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ማንኛውም እንጨት ሲደርቅ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ከመሐል ወደ ውጭ ካለው አቅጣጫ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከእርጥብ ግንድ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ የተሠራ ክብ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከጠርዙ እስከ እምብርቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ስንጥር ያወጣል፤ የተገነጠለው ቁራጭም ሕፃኑን ሊያንቅ ይችላል። ጎማው በቁመቱ ከተሰነጠቀና በሚገባ ከደረቀ ጣውላ ቢቆረጥ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ዋንዛ ለመላጊያና ለመሮ የሚገራ፣ ቅርፁንም ጠብቆ የሚቆይ እንጨት በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ከተፈጥሮ ደን መቁረጡ በሕግ የተገደበ ስለሆነ፣ ከቤት ዕቃ ሥራ የሚተርፍ ቁርጥራጭ ዋነኛው ምንጭ ሊሆን ይገባል። ለሕፃን እጅ የሚበቃ መኪና ወይም በግ ለመሥራት ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጥ ጣውላ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ መጠን ነው። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሚሠራ መጫወቻ ወይም ከእርሱ ሊላቀቅ የሚችል ክፍል፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመፈተሻ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት እንደሌለበት ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ይደነግጋሉ። በምስማር ብቻ የተያዘ ጎማ በዚህ ረገድ አስተማማኝ አይደለም፤ በእንጨት ዘንግና በማጣበቂያ የታሰረው ይመረጣል።

ከሁሉም የከፋው፣ ዓይን የማያየው አደጋ ግን ቀለም ነው። ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ውስጥ ወደ ሰውነታቸው የሚሰርገው መጠን ከአዋቂዎች አራትና አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አለመኖሩን ይገልጻል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ገድባለች። የደንቡ ጥቅም ግን ከመጋዘን ተራርፎ በቆርቆሮ የቆየ አሮጌ ቀለም ለስጦታ ሲውል ይጠፋል። ይህ ደግሞ ቁጠባ በሚበረታታበት የሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

ቀላሉ አማራጭ ከወጥ ቤት አይርቅም። ንጹሕ የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ በአየር ላይ ለቀናት ሲቆይ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል፤ ላዩ በንብ ሰም ሲታሽ የእንጨቱ መልክ ይጎላል። ዘይቱ ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውሕዶች የተጨመሩበት የቀለም ቤት ተልባ ግን ከዚህ አገልግሎት ውጭ ነው። የተቀባበት ጨርቅም ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ ውጭ መድረቅ አለበት።