ኮምፒዩተር ስምን እንዴት ያነባል?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ አንዲት ባለጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥታ ስሟ «ፀሐይ» መሆኑን ተናግራ የጡረታ መዝገቧ እንዲፈለግላት ትለምናለች እንበል። ጸሓፊው «ጸሀይ» ብሎ በኮምፒዩተር ቢፈልግ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ ያገኛል። መዝገቡ ግን በስፍራው አለ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን በመልኩም ሆነ በድምፁ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቁጥሩ ብቻ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደሎች የቁጥር መዝገብ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትሙ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ በገዛ ፈቃዱ ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በአንዱ መሣሪያ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ናቸው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለመሣሪያው ልዩ ልዩ ናቸው ማለት ነው።

ጃቫና ፓይተን በተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የፊደሎች ተርታ «ስትሪንግ» ይባላል። ስትሪንግ ፊደሎቹን ከነተራቸው የያዘ አንድ ኦብጀክት ነው፤ ይኸውም ርዝመቱን ሲጠይቁት የሚናገር፣ ከሌላው ጋራ ሲያስተያዩት እኩል መሆን አለመሆኑን የሚመልስ ነው። «ፀሐይ» ስንት ሆሄ እንደ ሆነ ቢጠይቁት 3 ይላል፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ሥርዓት በፋይል ሲቀመጥ ግን እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ 9 ባይት ይሆናል። ስለዚህ የስምን ቦታ በባይት ለክቶ የሚመድብ ሰው የአማርኛን ስም ከመካከሉ ሊቈርጠው ይችላል።

ደግሞም ስትሪንግ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። «ፀ»ን በ«ጸ»፣ «ሐ»ን በ«ሀ» ተካ ቢሉት አዲስ ስትሪንግ ያወጣል እንጂ የቀድሞውን አይነካም። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። ፕሮግራሙ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ያዘጋጅ፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሆሄያት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ አንድ ያምጣ፤ ከዚያም የተፈለገውን ስም ቅጂ ከተመዘገበው ስም ቅጂ ጋራ ያስተያይ።

ዋናው ግን እንደ ተጻፈ ይኑር። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነውና፣ በሆሄ ልዩነት ውስጥ ትርጕም አለ።

እንግዲህ፣ ክቡር አንባቢ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ፕሮግራም ሲሠራ ይህ እንዲታሰብበት ያሳስቡ። እስከዚያው ድረስ ግን ባለጉዳይዋን «የለም» ብለው ከመመለስዎ በፊት ስሟን በሌላው ሆሄ አንድ ጊዜ ይፈልጉላት።