ብጣሽ ጨርቅ ወደ ስፖርት ልብስ፦ ከማሽኑ በፊት መለየት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በሌሎች የምዕራብ ጎጃም የገበያ ከተሞች በልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ የሚጠራቀመው ብጣሽ ጨርቅ በከፊል ለትራስና ለፍራሽ መሙያ ይውላል፤ የተረፈው ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ይጣላል ወይም ይቃጠላል። በአንጻሩ ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ለውድድር የሚገዟቸው ማሊያዎች በአብዛኛው ከፖሊስተር የሚሠሩ ሲሆን፣ ፖሊስተር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ጥሬ ዕቃ ነው። በመሆኑም የሚጣለውን ጨርቅ መልሶ የስፖርት ልብስ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሱ «ይቻላል» ቢሆንም፣ ጉዳዩን የሚወስነው ብዙዎች እንደሚገምቱት የማሽን መኖር ሳይሆን ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ለይቶ ማወቅ ነው።

ያረጀ ጨርቅን በሌላ መልክ መጠቀም ለኅብረተሰቡ እንግዳ አይደለም። ድሪቶ ተጥፎ ይለበሳል፤ የልዋጭ ነጋዴ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ በምትኩ የቤት ዕቃ ይሰጣል፤ የገጠር ልጅም ብጥስጣሹን ካልሲ ውስጥ ጠቅጥቆ የጨርቅ ኳስ ይሠራል። ጨርቅን ለስፖርት ማዋል የተጀመረው ከዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በእነዚህ ሁሉ ጨርቁ ጨርቅ እንደሆነ ይቀራል። መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል በኢንዱስትሪ ትርጉሙ ግን ጨርቁን አፍርሶ ወደ ፋይበር መመለስና ከዚያ አዲስ ክር መፍተል ማለት ነው።

ለጥጥና ለሱፍ የሚሠራበት ስልት በመሠረቱ ቀላል ነው። ቁልፍና ዚፕ ይነቀላል፣ ጨርቁ በትንንሹ ይቆረጣል፣ ከዚያም የብረት ጥርስ በተተከለባቸው ተሽከርካሪ ሲሊንደሮች እየተቦጨቀ ባዘቶ መሰል ነገር ይሆናል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ በ1813 ቤንጃሚን ሎው በተባለ እንግሊዛዊ በባትሊ ከተማ ከአሮጌ የሱፍ ጨርቅ እንደተጀመረ ይነገራል። የጣልያኗ ፕራቶና የህንዷ ፓኒፓት እስከ ዛሬ በዚሁ ሙያ የሚታወቁ ከተሞች ናቸው። በፕራቶ የሚደነቀው የሠራተኞቹ ዓይን ነው። ጨርቁን በዓይነትና በቀለም እየለዩ ስለሚከምሩት ክሩ እንደገና ቀለም መነከር አያስፈልገውም፤ ይህም የቀለምና የውኃ ወጪን ያስቀራል።

ከዚህ አንጻር ምዕራብ ጎጃም በአንድ ነገር የታደለ ነው ለማለት ይቻላል። የጎጃም ገበሬ መታወቂያ የሆነው አረንጓዴ ቁምጣና ሸሚዝ በየገበያው ይሰፋል። ስለሆነም በልብስ ሰፊው እግር ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ማንም ሳይለፋበት በቀለም የተለየ ነው። በሌላ አካባቢ ደመወዝ ተከፍሎት የሚሠራው የመለየት ሥራ ግማሹ እዚህ በአለባበስ ባህል ተሠርቶ ይገኛል።

ችግሩ ካኪ መሰል ጨርቅ ጥብቅ ሆኖ የሚሸመን መሆኑ ነው። እንደ ሹራብ ጨርቅ በቀላሉ ስለማይፈታ ሲቦጨቅ ፋይበሩ ይበጣጠሳል፣ ያጥራልም። አጭር ጥጥ እንዝርት ላይ እንደሚበጠስ የጎጃም ፈታይ እናቶች ከማንም የተሻለ ያውቁታል። በፋብሪካም ሁኔታው ያው በመሆኑ፣ ከቁርጥራጭ የተገኘው ፋይበር ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ጥጥ ጋር ተቀላቅሎ ወፍራም ክር እንዲሆን ይደረጋል። ከዚህ ክር ለሯጭ የሚሆን ስስ ማሊያ አይወጣም። ጥጥ ላብ ይዞ የሚከብድ በመሆኑ ለዚህ ቀድሞውንም ተመራጭ አይደለም፤ በተለመደው የአየር እርጥበት ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ ሲይዝ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ወፍራሙ ክር የሚስማማው ለማሟሟቂያ ቱታና ውስጡ ለተባዘተ ሹራብ ነው። እንደ ምዕራብ ጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ጠዋቱ በሚበርድበት አካባቢ ይህ ትንሽ ገበያ አይደለም።

የፖሊስተር መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ቅልጡ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲወጣ እንደገና ክር ይሆናል። የውኃና የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስም በባሕርዩ ያው ፖሊስተር ነው። በ2002 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ብራዚልንና ኔዘርላንድን ጨምሮ የናይኪ ቡድኖች የለበሷቸው ማሊያዎች እያንዳንዳቸው እስከ 8 ከሚደርሱ ጠርሙሶች የተሠሩ ነበሩ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዓለም ገበያ «መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ» ተብሎ የሚሸጠው የፖሊስተር ስፖርት ልብስ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተገኘው ከጠርሙስ እንጂ ከአሮጌ ልብስ አይደለም። ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ውስጥ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው።

ምክንያቱ ጠርሙስ ንጹሕና አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ልብስ ግን ጥጥና ፖሊስተር አንድ ክር ላይ ተፈትለው፣ የሚለጠጥ ኤላስቴን ገብቶባቸው፣ የፕላስቲክ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይመጣል። ጥጥ አይቀልጥም፤ ይከስላል። ኤላስቴንም ፖሊስተሩ ከመቅለጡ በፊት ተበላሽቶ ቅልጡን ያበላሻል። እ.ኤ.አ በ2002 የጃፓኑ ቴጂን ኩባንያ ፖሊስተርን በኬሚካል ፈትቶ እንደ አዲስ የመሥራት ዘዴ ሲጀምር የተመሠረተው ከአባል ድርጅቶች በሚሰበሰብ የደንብና የስፖርት ልብስ ላይ ነበር። ልብሱ ከምን እንደተሠራ አስቀድሞ ይታወቃልና።

ለመሆኑ በገበያ ከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ላቦራቶሪ ሳይኖረው ጨርቁን እንዴት ይለያል? ፈተናው አንድ ክብሪት ነው። ጥቂት ክር በመቆንጠጫ ተይዞ ክፍት ቦታ ላይ ይለኮሳል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ የወረቀት ሽታ ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። አመድም ፍሬም ከተገኘ ድብልቅ ነውና ወደ ፍራሽ መሙያው ይሄዳል። አረንጓዴው ጨርቅም ሁሉም ጥጥ ስላልሆነ ከዚህ ፈተና ማምለጥ የለበትም። ለሥራው ሦስት ጆንያ ይበቃል፤ ቁርጥራጩ ሳይቆሽሽ ከመቀሱ ሥር ቢነሳ ደግሞ ከማጠብ ያድናል።

መጠኑንም በልክ ማየት ይገባል። አንድ ማሊያ 150 ግራም ይመዝናል ቢባል፣ አንድ ቶን የተለየ ፖሊስተር ብክነቱ ሳይቀነስ ከ6 ሺህ 600 በላይ ማሊያ ያህላል። የፈትል ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰው በቶን ሲሆን ልብስ ሰፊ የሚያወጣው በእፍኝ ነው። ስለዚህ በየወረዳው ማሽን ከመትከል ይልቅ ለይቶ፣ መዝኖና አስሮ መላክ የሚያዋጣ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቋቋመው ለግብርና ምርት ነውና ለዚህ መፍትሔ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ይሆናል። ይልቁንም በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምርመራውም ለሥልጠናውም ቅርብ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ በ1961 በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት በመሆኗ ሙያው ሥር አለው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስለ ጠርሙስና ቆርቆሮ፣ ስለ ፕላስቲክ ከረጢትና ስለ አሮጌ ጎማ ለየብቻ ሲደነግግ ጨርቅን በስሙ የሚጠራ አንቀጽ አልነበረውም። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅም ይበልጥ የታወቀው በፕላስቲክ ከረጢት ክልከላው ነው። ጨርቅ በከተማ ጽዳት መዝገብ ላይ በስሙ እስካልሰፈረ ድረስ በየወሩ ስንት ኪሎ እንደሚጣል ስለማይታወቅ፣ ማኅበራት ተደራጅተው ብድር ሲጠይቁ የሚያቀርቡት አኃዝ አይኖራቸውም።

ሌላው በመሥሪያ ቤቶች እጅ ያለው ጉዳይ ግዥ ነው። ዛሬ በጨረታ ሰነድ ላይ የሚጻፈው ቃል ማሊያው ሲያረጅ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። «ጥሩ ጥራት ያለው ማሊያ» ከማለት ይልቅ «ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር፣ ኤላስቴን የሌለው» ተብሎ ቢጻፍ፣ ቱታው ላይ ደግሞ ከቁርጥራጭ የተገኘ ጥጥ ቢያንስ ምን ያህል እንዲኖረው ቢጠየቅ፣ እንደ ጎፈሬ ያሉ አገር በቀል የስፖርት ትጥቅ አምራቾች የሚወዳደሩበት ግልጽ መስፈርት ይኖራቸዋል። የተጫዋች ቁጥርና የክለብ ስምም በሙቀት ከሚለጠፍ ፕላስቲክ ይልቅ ወደ ፖሊስተሩ በሚሰርግ ቀለም እንዲታተም ማዘዝ ይቻላል። በዚህ መንገድ የታተመ ቁጥር በማጠብ አይላጥም፤ ማሊያው ሲያረጅም የሚነቀል ነገር የለውም።