ወለዱን አይተን ክፍያውን ስንረሳ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። እኛ ተማሪዎች ጋ ሲደርስ ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ ገንዘቡ ራሱ መንገድ ላይ ያልቃል። እንዴት እንደሚያልቅ የገባኝ ባለፈው ሴሚስተር ነው።

ዕለቱ የቡድን ሥራ የምናስረክብበት ነበር። ፕሪንት የማስደርገው እኔ ነበርኩ። በሂሳቤ 126 ብር እንዳለኝ አስቤ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለው ኤቲኤም ሄድኩ። ማሽኑ 86 ብር ብቻ አሳየኝ። በዚያ ላይ ያለው ባለመቶ ኖት ብቻ ነው። ካርዴን ይዤ ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ገንዘቡን ጓደኛዬ አበደረኝ።

በማግስቱ ባንኬ ሄጄ «ብሬ የት ገባ?» አልኩ። መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ የሂሳብ መግለጫዬን አወጣችና «ወንድሜ፣ በወሩ ውስጥ 8 ጊዜ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም አውጥተዋል። በእያንዳንዱ 5 ብር ተቆርጧል» አለችኝ። 8 ጊዜ 5፣ 40 ብር። የጠፋ ነገር የለም፤ ራሴ ነኝ መቶ መቶ እያልኩ ስቆነጥር የከፈልኩት።

ታዲያ ይህን ባንክ ለምን መረጥኩ? መልሱ ያሳፍራል። ወለዱ ከሌሎቹ በግማሽ በመቶ ይበልጣል ተብዬ ነው።

እስኪ አብረን እናስላ። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። ለምሳሌ ያህል 7 በመቶን እንውሰድ። ዓመቱን ሙሉ በሂሳቤ 1,000 ብር ቢቀመጥ ከግብር በፊት የማገኘው ወለድ 70 ብር ነው። በ7.5 በመቶ ደግሞ 75 ብር። ልዩነቱ በዓመት 5 ብር፣ ማለትም አንድ ጊዜ ከሌላ ባንክ ማሽን ለማውጣት የምከፍለው ነው! በወር 40 ብር እየተቆረጠብኝ 10 ወር ብማር ግን 400 ብር ይሄዳል። ብዙ ብር ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ሰው ወለዱ ቁም ነገር ነው። ገንዘቡ ገብቶ ወዲያው ለሚወጣበት እንደኔ ላለ ሰው ግን ወሳኙ የየዕለቱ ክፍያ ነው።

ክፍያዎቹ የት የት ይደበቃሉ?

አንደኛው የካርድ ነገር ነው። ባንኮቻችን በኢትስዊች በኩል ስለተገናኙ የአንዱን ካርድ በሌላው ማሽን መጠቀም እንችላለን። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። በራስ ባንክ ማሽን ማውጣት ብዙ ጊዜ ወይ ነፃ ነው ወይ ይረክሳል። ካርድ ሲጠፋ ማስተኪያውም ያስከፍላል።

ሁለተኛው ከባንክ ወደ ባንክ ማስተላለፍ ነው። ሦስተኛው በስልክ የሚመጣው የኤስኤምኤስ መልእክት ነው፤ የሚያስከፍል ከሆነ ሳንቲሙ ይጠራቀማል። በአገልግሎት ክፍያው ላይ ደግሞ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። 10 ብር የተባለው በዚህ ታክስ ብቻ 11 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው።

የሂሳቡ ዓይነትም መታየት አለበት። ቼክ የማይጽፍ ተማሪ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ምን ያደርግለታል? ተራ የቁጠባ ሂሳብ ይበቃዋል። ወለድ የማይፈልግ ከወለድ ነፃ የሆነውን መክፈት ይችላል። ለተማሪና ለወጣት የተለየ የቁጠባ ሂሳብ ያላቸው ባንኮችም ስላሉ «አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

እኔን ከሁሉ በላይ የቆረጠኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው የምትልክልኝ። ነገሩን በስልክ ስነግራት ሳቀች። «እኔም ስልክልህ ትንሽ ትንሽ ይቆርጡብኛል ልጄ፣ ግድ የለም» አለችኝ። የእሷ ሂሳብ በሌላ ባንክ ነው። ለካስ ለዚያች ግማሽ በመቶ ስል ወጪውን በእሷም ላይ ጭኜባት ኖሯል። አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

አሁን እሷ ባንክ ውስጥ የቁጠባ ሂሳብ ከፍቻለሁ። የባንኩ ማሽን ከግቢያችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አስቤበት አወጣለሁ።

እናንተም ሂሳብ ከመክፈታችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ገንዘብ የሚልክልኝ ሰው የትኛው ባንክ ነው? የባንኩ ማሽን የምውልበት አካባቢ አለ? ከሌላ ባንክ ማሽን ሳወጣ ስንት ይቆረጣል? ለካርዱና ለመልእክቱስ? ሂሳቡ ውስጥ መቅረት ያለበት ዝቅተኛ ገንዘብ ስንት ነው? መልሱን ከታክሱ ጋር ይንገሯችሁ። ወለዱን የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂ መሆን ለጋዜጠኛ ሙያው ነው እንላለን። እኔ መምህሩንና ባለሥልጣኑን ስጠይቅ የገዛ ደብተሬን ረስቼው ነበር። እናንተ አትርሱት!