የቆመ መረብ፣ የተጎተተ መረብ

መረብ ወይ ይቆማል ወይ ይጎተታል። በሐዋሳ ሐይቅ ሁለቱም አሉ። የዓሣ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚገዛ ሰው ግን ዓይኑን አይቶ፣ ስንጥቡን ገልጦ ትኩስ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ በየትኛው መረብ እንደወጣ አይጠይቅም። እኔም ለዓመታት ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከተጎታቹ እንጀምር። ዳር የቀሩት ሰዎች የአንዱን ጫፍ ገመድ ይይዛሉ። ጀልባዋ መረቡን እየለቀቀች ወደ ውስጥ ትገባና ግማሽ ክብ ሠርታ ሌላውን ጫፍ ይዛ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ወገን ተሰልፎ መሳብ ነው። የላይኛው ጠርዝ ተንሳፋፊ ታስሮበታል፤ የታችኛው እርሳስ ወይም ድንጋይ። የከበደው ጠርዝ ወለሉን እየጠረገ ይመጣል። ካልጠረገማ ዓሣው በሥር ሾልኮ ይሄዳል።

ችግሩ የሚጠረገው ቦታ ላይ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ ሳህን የመሰለ ክብ ጎድጓዳ ያዘጋጃል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት አፏ ውስጥ ነው፤ ዋና ከጀመሩም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተንጋግተው ወደዚያው ይመለሳሉ። እንግዲህ መረቡ ሲያልፍ ጎድጓዳው ይደፈናል፣ ሣሩ ይነቀላል፤ የመረቡ ዐይን ጠባብ ከሆነ ደግሞ ገና ያልወለደው ትንሹም አብሮ ይወጣል። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ቆሮሶው ሲያልቅበት ከሌላ ሐይቅ ዋኝቶ የሚመጣ ምትክ አያገኝም።

ይህንኑ ሥራ ውቅያኖስ ላይ በሞተር ስናበዛው ትሮል እናገኛለን። ከመርከብ ኋላ የሚጎተት ግዙፍ የከረጢት መረብ ነው። አፉን የሚከፍቱለት ከግራና ከቀኝ የተንጠለጠሉ፣ የውኃው ግፊት ወደ ውጭ የሚገፋቸው ሁለት ከባድ ሳንቃዎች ናቸው። የወለሉ ትሮል ሳንቃዎቹንም የታችኛውን ሰንሰለትም በባሕሩ ወለል ላይ ይጎትታል። እንደ ኮድ ያሉት ሥጋቸው ነጭ የሆነ ዓሦች አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ አጠገብ ስለሚኖሩ በብዛት የሚያዙት በዚህ ነው።

አማራጩ በውኃው መካከል የሚጎተተው ትሮል ነው። የዚህ አጥማጅ በመረብ ብቻ አይሠራም፤ የድምፅ ሞገድ ልኮ የዓሣው መንጋ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በስክሪን ያያል፤ መረቡንም የገመዱን ርዝመትና የመርከቡን ፍጥነት እየቀያየረ ወደዚያ ከፍታ ያመጣዋል። ዋናው ምሳሌ የአላስካው ፖሎክ ነው። ይህ ዓሣ በመንጋ ሆኖ ከወለሉ ከፍ ስለሚል፣ አሜሪካ በቤሪንግ ባሕር ፖሎክን በወለል ትሮል ማጥመድን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከልክላለች። ሆኖም ስሙ «የመካከል» ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም የዋህነት ይመስለኛል፤ መንጋው ዝቅ ሲል መረቡም አብሮ ዝቅ ብሎ ወለሉን ይነካል፣ ያልተፈለገ ሳልመንም ይገባበታል።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሐዋሳ ላይ ማሰብ ግን ያስቃል። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 22 ሜትር አካባቢ ነው፤ የትልልቆቹ ትሮሎች አፍ ብቻውን ሲከፈት ከዚያ ይበልጣል።

ሐይቁ የራሱ አማራጭ አለው፤ የሚቆመው መረብ። እንደ መጋረጃ ነው። ከላይ በተንሳፋፊ ተይዞ፣ ከታች በክብደት ተወጥሮ ማታ ይዘረጋል፤ ጠዋት ይሰበሰባል። ዓሣው ራሱ መጥቶ ይገባበታል፤ ጭንቅላቱ ያልፍና ሆዱ አላሳልፍ ይለዋል፣ ልመለስ ሲል ስንጥቡ ክሩ ላይ ይያዛል። ስለዚህ የዐይኑ ስፋት ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚያልፍ ይወስናል። ሰፊው ትንሹን ያሳልፋል፤ ጠባቡ ግን መረቡ የቆመም ቢሆን ከተጎታቹ ብዙም አይሻልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ጉዳዩን በሕግ ሥር አድርጎታል፤ ሌሊት ሐይቅ ላይ ቆሞ ዐይን መለካት ግን ለማንም ቀላል አይደለም፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ። የጠፋ መረብም ሌላ ጣጣ ነው። የናይለን ክር ቶሎ ስለማይበሰብስ ባለቤቱ ከረሳው በኋላም ማጥመዱን ይቀጥላል።

አምባዛን ለመያዝ ደግሞ አጥማጆች መንጠቆ ይመርጣሉ። ይህ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ወለሉን አይለቅም፤ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ ታስሮ፣ የዓሣ ቁራጭ ተሰክቶበት ወደሚኖርበት ይወርድለታል። ገመዱ ወለሉ ላይ ያርፋል እንጂ አይጠርገውም።

አሁን አሞራ ገደል ስሄድ እንደማንኛውም ገዢ ስንጥቡን እገልጣለሁ፤ ከዚያ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን ቆዳ አያለሁ። በቆመ መረብ የተያዘ ቆሮሶ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ክሩ የጨመቀበት ቀጭን መስመር ይታይበታል።