ያረጀ የውሃ ሞተር ብስክሌት ሲታመም፤ ፒስቶን ከመሸጡ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

የመለወጫ ዕቃ ነጋዴ የሚሸጠው ለተሰበረው ዕቃ ምትክ ነው። ዕቃው ስለ ምን እንደ ተሰበረ መመርመር ግን የመካኒኩ ፈንታ እንደ ሆነ ይታሰባል። በመኪና ዕቃ ንግድ ይህ ልማድ ብዙ ጉዳት ሳያመጣ ሊቆይ ይችል ይሆናል። ጄት ስኪ እየተባለ በሚጠራው የውሃ ሞተር ብስክሌት ላይ ግን፣ ይልቁንም ከ1990ዎቹ ዓመታት በተረፈው አሮጌ ዓይነት ላይ፣ ልማዱ ለሻጭም ለገዢም ኪሳራ ነው። አሮጌውን ፒስቶን ያቃጠለው ምክንያት ካልተወገደ፣ ዛሬ የተገዛው አዲስ ፒስቶን በጥቂት ሰዓት ሥራ ውስጥ እንደ ፊተኛው ይቃጠላል። ገዢውም ተመልሶ ሲመጣ የሚወቅሰው ሞተሩን ሳይሆን የሻጩን ዕቃ ነው።

መሣሪያው ረጅም ታሪክ የለውም። ቦምባርዲየር የተባለው የካናዳ ኩባንያ ሲ-ዱ የሚባለውን በ1968 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተወው። የጃፓኑ ካዋሳኪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቆመው የሚነዱትን ጄት ስኪ ሠራ፤ ያማሃም በ1986 ተቀምጠው የሚነዱትን ዌቭራነር ለገበያ አቀረበ። ቦምባርዲየር በ1988 ወደ ገበያው ተመለሰ። ያማሃና ሲ-ዱ ባለ አራት ምት ሞተር ያቀረቡት በ2002 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከእነዚህ ፋብሪካዎች የወጡት ሁሉ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበሩ። በርካሽ ዋጋ ለሽያጭ የሚቀርቡትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ ናቸው። የዋጋቸው ማነስ ገዢን የሚስብ ቢሆንም፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር የሚታከም አይደለም።

ልዩነቱ ከዘይቱ ይጀምራል። የመኪና ሞተር ዘይቱን በሆዱ ይዞ ያንኑ መልሶ መላልሶ ይጠቀምበታል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እያቃጠለ የሚያወጣው ስለ ሆነ፣ ሁልጊዜ አዲስ ዘይት ሊደርሰው ይገባል። በአንዳንዶቹ ዘይቱ አስቀድሞ በቤንዚኑ ይደባለቃል፤ መጠኑም በብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። በሌሎቹ ደግሞ ዘይቱን የሚሰጥ ለብቻው የተሠራ ትንሽ ፓምፕ አለ። ቤንዚኑ ራሱ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ፒስቶኑን ያቀዘቅዛል። እንግዲህ ቤንዚን ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ድብልቅ በሚጠጣው ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ፒስቶኑ በሙቀት ያብጥና ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይያዛል፤ አለዚያም አናቱ ቀልጦ ይበሳል። በዓይን የሚታየው የተበላሸ ፒስቶን ነው፤ ጥፋቱ ግን ከነዳጁ መንገድ ላይ ተቀምጧል።

ለምሳሌ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ባለቤት ለእንግዶች መዝናኛ ሁለት አሮጌ ጄት ስኪዎች ገዛ እንበል። አንደኛው በሦስተኛው ሳምንት ቆመ። መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ ከሁለቱ ፒስቶኖች የኋለኛውን ተቃጥሎ አገኘው። ባለቤቱ ከአስመጪ ፒስቶንና ፋሻ ገዝቶ፣ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ሞተሩን አስገጠመ። ማሽኑ ሁለት ቀን ሠራና ያው የኋለኛው ፒስቶን እንደገና ተቃጠለ። ሁለት ጊዜ የተቃጠለው አንዱ ብቻ መሆኑ ራሱ ምስክር ነበር። ዕቃው መጥፎ ቢሆን ኖሮ የፊተኛውም ፒስቶን ድርሻውን ባገኘ ነበር። ለኋለኛው ሲሊንደር ቤንዚን የሚሰጠው ካርቡራተር ቢከፈት፣ በውስጡ ያለችው ጥፍር የምታህል ፊልትሮ አረንጓዴ ዝቃጭ ሞልቶባት ይገኝ ነበር።

ይህ አረንጓዴ ዝቃጭ በተለይ በ1990ዎቹ ሲ-ዱዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ የተገጠመላቸው ግራጫ የቤንዚን ቱቦ ዕድሜው ሲገፋ ከውስጥ እየተበላ ይሟሟል፤ ሟሙቶም በካርቡራተሩ ፊልትሮ ላይ ይከማቻል። ቱቦው ከውጭ ሲታይ ደህና መስሎ ይታያልና ብዙ መካኒክ ያልፈዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግራጫውን ቱቦ በሙሉ አውጥቶ በጥቁር የነዳጅ ጎማ መተካት፣ ካርቡራተሮቹን መፍታትና ማጠብ፣ በውስጣቸው ያሉትንም ስስ የጎማ ሽፋኖችና መርፌዎች መለወጥ። የነዳጁን መክፈቻ ቧንቧም መርሳት አይገባም፤ እርሱም ውስጡ እየደፈነ ያስቸግራል። ከሞተሩ ሆድ ወደ ቤንዚን ፓምፑ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ፓምፑን በግፊት የምታንቀሳቅሰው ስለ ሆነች፣ ብትሰነጠቅ ሞተሩ በዝግታ ጊዜ ደህና ሠርቶ በሙሉ ፍጥነት ጊዜ ቤንዚን ይጠማዋል። እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ተደምረው ከአንድ ፒስቶንና ከሲሊንደር ማስፋት ዋጋ በብዙ ያንሳሉ።

ሞተሩ አልነሣም ሲል ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር። የደኅንነቱ ገመድ በቦታው ካልገባ ሞተሩ እንዳይነሣ ሆኖ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ጋራዥ የተጎተቱ ማሽኖች መኖራቸው የሚያስቅ ቢመስልም እውነት ነው። ቀጥሎ ባትሪው ይለካ፤ ሞልቶ ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ከዚያ በኋላ ካንዴላዎቹ ይፈቱና ቀለማቸው ይታይ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁርና እርጥብ ካንዴላ ቤንዚን መብዛቱን ወይም እሳት መድከሙን ይናገራል። ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ካንዴላ ቤንዚን ማነሱን ያስታውቃል፤ በላዩ ላይ የብር ቀለም ያላቸው ደቃቅ ፍንጣሪዎች ከታዩ ግን ፒስቶኑ መቅለጥ ጀምሯልና ሞተሩን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማስነሣት አይገባም። ካንዴላው ወጥቶ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የካንዴላው ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር መገናኘት አለበት። ይህ ካልተደረገ የማቀጣጠያው ኤሌክትሪክ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል፤ ባጠገቡም የቤንዚን ትነት ካለ እሳት ያስነሣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሲሊንደሩን እመቃ መለካት ነው፤ ያገለገለ ማሽን ለሚያስመጣ ነጋዴም ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ይኸው ነው። ሁለቱም ካንዴላዎች ይወጡና፣ የግፊት መለኪያው በአንደኛው ቀዳዳ ይገጠማል፤ የቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም የመለኪያው መርፌ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ሞተሩ በባትሪ ይዞራል። በባሕር ጠረፍ፣ ደህና የሆነ ብዙ ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር 150 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ያሳያል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከመቶ 10 በላይ ከተለያዩ ግን፣ ቁጥሮቹ የቱንም ያህል ከፍ ቢሉ ሞተሩ መከፈት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ማሽኑ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ ሐይቅ ሲወጣ ነው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ይላል፤ ሐዋሳና ዝዋይም ከዚያ ብዙ ዝቅ አይሉም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ5 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነውና፣ ሻጩ በዱባይ ወይም በሌላ ወደብ ለክቶ 150 ብሎ የጻፈው ሞተር በባሕር ዳር ሲለካ 120 ግድም ያሳያል። ይህን ያላወቀ ገዢ ተታለልሁ ብሎ ይከሳል፤ ያላወቀ መካኒክም ጤነኛ ሞተር ፈትቶ ፒስቶን ያስለውጣል። የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። በባሕር ዳር 95 የሚያሳይ ሞተር፣ ደጋ ስለ ሆነ ነው ተብሎ ቢታለፍ፣ ያው ሞተር በባሕር ጠረፍ ከ120 በታች የሚያሳይ፣ ፋሻው ያለቀ ሞተር ነው። በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው የመቶኛ ልዩነት ግን በደጋም በቆላም ያው ስለ ሆነ፣ የውሉ ወረቀት ሁለቱንም ቁጥሮች፣ የተለካበትንም ቦታ ቢይዝ ክርክሩ ያጥራል።

የአየሩ መሳሳት ካርቡራተሩንም ይነካል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ሐይቅ ላይ ከአየሩ መጠን በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑን የሚለካው ጂግለር በመጠኑ ጠባብ በሆነ ይለወጣል፤ ይህም ጥቂት በጥቂት፣ ካንዴላውን እያዩ የሚሠራ ነው። አብዝቶ ማጥበብ ከላይ ወደ ተነገረው ወደ ፒስቶን መቃጠል ይመልሳል። ለደጋ የተጠበበው ማሽን ተሸጦ ወደ ባሕር ጠረፍ ቢወርድም አደጋው ያው ነው። ካርቡራተሩ በሚገባ ቢስተካከል እንኳ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከነበረው ኀይል ከመቶ 15 ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ይህ የአየሩ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለምና ለገዢው አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ሞተሩ በኀይል እየጮኸ ማሽኑ ወደ ፊት የማይሄድ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከሞተሩ አይደለም። ውሃ የሚገፋው ኤሊካ ወይም በዙሪያው ያለው ቀለበት ተበልቷል ማለት ነው።

በውሃ ውስጥ ተገልብጦ ውሃ የጠጣ ሞተር ጉዳይ ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የባለ ሁለት ምት ሞተር ኮሎና ኩሽኔቶች የሚቀቡት በሚያልፈው የዘይት ጭጋግ ብቻ ስለ ሆነ፣ ውሃ ካገኛቸው ፈጥነው ይዝጋሉ። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ውሃውን በማዞር ማስወጣት፣ ዘይት መርጨትና በዚያው ቀን ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ለነገ ይደር የተባለ ሞተር ብዙ ጊዜ ኮሎ ያስለውጣል፤ ኮሎም ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ ነው። ውሃ ወደ ሞተሩ የሚገባው በመገልበጥ ብቻ አይደለም። ማሽኑ በየብስ ላይ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሣና ከዚያ ውሃው ይከፈታል፤ ሲጨረስም አስቀድሞ ውሃው ተዘግቶ ቀጥሎ ሞተሩ ይቆማል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ውሃው በማርሚታው በኩል ተመልሶ ሲሊንደሮቹን ይሞላል። በጨው ባሕር የኖረ ማሽን ከመሸጡ በፊት በዚህ መንገድ መታጠቡን መጠየቅ የአስመጪው ፈንታ ነው።

ዘይትን በተመለከተ የመኪና ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም። አንዳንድ ባለቤት የዘይቱን ፓምፕ ስላላመነው ነቅሎ ይጥልና ዘይቱን በቤንዚን ይደባልቃል። ይህ በብዙዎቹ ላይ ይቻላል፤ በሲሊንደሩ በር ፋንታ በሚዞር ሰሐን አየር በሚቀበለው የሲ-ዱ ሞተር ላይ ግን ሰሐኑን የሚያዞረው ጥርስ ከዘይቱ ታንክ በቀጥታ ዘይት ስለሚያገኝ፣ ፓምፑ ቢወጣም ያ የዘይት ቱቦ መቅረት የለበትም።

ዕቃ ሲታዘዝ የማሽኑ ዓመትና የሞተሩ ቁጥር አብረው ይላኩ፤ በአሮጌ ማሽኖች ላይ ሞተር ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው መዛወሩ የተለመደ ነውና የቀፎው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ፒስቶን ከፋብሪካው መጠን በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር የሰፋ ሆኖ ስለሚመጣም ሲሊንደሩ ተለክቶ የሚበቃው ስፋት ካልታወቀ ማዘዝ አይገባም። ለፒስቶን ወደ ሱቅ የመጣ ገዢ የተቃጠለውን ፒስቶንና ሁለቱን ካንዴላዎች ይዞ እንዲመጣ ቢጠየቅ፣ ሻጩ ከፒስቶኑ ጋር የካርቡራተር ማደሻና ሦስት ሜትር የነዳጅ ጎማ መጨመር አለመጨመሩን ከዚያው ከመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ሊወስን ይችላል።